የነዳጅ ህዋስ አባላት

ዳኛቸው የሰውን ሞኝነት እንደ ቡና የሚያጣጥም ሰው ነበር። ሲስቅ ግን አይታይም። ዕድሜውን በደብረ ታቦር ኬሚስትሪ ሲያስተምር ጠብታ መጠበቅ፣ ቀለም ሲለወጥ ማየት፣ ሚዛን ላይ አቧራ እንዳያርፍ መጠንቀቅ ስለለመደ፣ ሰውንም እንደዚያው ዝም ብሎ ያየዋል፤ አይቶም ይንቀዋል። የዚያን ዕለት ጧት፣ በጥር ብርድ፣ ከከተማው አዳራሽ ደረጃ ላይ ቆሞ ከታች የተሰለፈውን ሕዝብ ሲመለከት፣ ይህን ያህል የጠራ ሞኝነት በአንድ ቦታ ተጠራቅሞ አይቶ እንደማያውቅ ለራሱ ነገረው።

የተሰለፉት ባብዛኛው ባለ ባጃጆች ናቸው። መታወቂያና መንጃ ፈቃድ በእጃቸው ይዘዋል፤ ጉርድ ፎቶግራፍ ያሠራም አለ። ባዶ ጀሪካን በገመድ ያንጠለጠለ አለ። በላያቸው ላይ ከምሰሶ ምሰሶ የተወጠረ ጨርቅ ከጉና በሚወርደው ነፋስ ይርገበገባል። እንዲህ ይላል፦ «የነዳጅ ህዋስ ትራንስፖርት ማስጀመሪያ! የኅብረተሰባችን ተሳትፎ ወሳኝ ነው!»

«ቲቸር!» ሲል ጮኸ ከሰልፉ አንዱ። ደሳለኝ ነው፤ የቀድሞ ተማሪው፣ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳ። «ቲቸር፣ ህዋሱ ውስጥ ለመግባት ዋስ መጥራት ያስፈልጋል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«ማነው ያለው?»

«ከኋላ ያሉት ናቸው። በየሰፈራችን እንቧደናለን፣ ሰብሳቢ እንመርጣለን፣ ከዚያ ቤንዚን በህዋሳችን በኩል ይታደለናል።»

«ሰብሳቢ ማንን አሰባችሁ?»

«እኔን ይሉኛል» አለ ደሳለኝ፣ ኮሌታውን እያቃና።

«ይገባሃል» አለ ዳኛቸው፣ ፊቱ ሳይለወጥ። ከሰልፉ «ሰብሳቢ ደሳለኝ!» እያሉ ተሳሳቁበት።

የሰዎቹ ስሕተት አገር ያፈራው ስሕተት ነው። በዚህ ከተማ ህዋስ ሲባል ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የፓርቲ አባላት ስማቸውን አስመዝግበው የሚሰበሰቡበት ትንሽ ቡድን። የህዋስ አባል የሆነ ዘይትና ስኳር ሲመጣ ይሰማል፤ ያልሆነ ሲያልቅ ይሰማል። አሁን ደግሞ በማደያው ቤንዚንም ናፍታም ከጠፋ ሰንብቷል። እንግዲህ ነዳጅ የጠፋበት ሰው «የነዳጅ ህዋስ» የሚል ሲያነብ፣ ያውም «ተሳትፎ ወሳኝ ነው» ተብሎለት፣ መታወቂያውን ይዞ ካልመጣ ምን ሊሆን ነው?

ጨርቁን ያሳተመው አቶ ዘውገ ነው፤ የከተማው ኮሙኒኬሽን ኃላፊ። ከአዲስ አበባ አንድ ኩባንያ በሃይድሮጂን የሚሄድ ሚኒባስ ሊያስተዋውቅ እንደሚመጣ የተነገረው ዕለት፣ ዳኛቸውን ከትምህርት ቤቱ በትውስት አስመጥቶ የንግግሩን ትርጉም እንዲያይለት ሰጠው። ዳኛቸው ከሃይድሮጂን መብራት የሚያወጣው መሣሪያ የተሰየመበትን «የነዳጅ ህዋስ» የሚል ቃል በእስክሪብቶው ጫፍ ነካና፣

«ይህን ይተዉት። ፊውል ሴል ተብሎ እንዳለ ይጻፍ» አለው።

«ለምን? ሴል ማለት ህዋስ አይደለም እንዴ?»

«በባዮሎጂ ክፍል ነው። ከክፍሉ ውጭ ህዋስ የሚባለው ሌላ ነገር ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።»

«አየህ መምህር፣ አንተ የፈረንጅ ቃል ሲነካብህ ያምሃል። ቋንቋችን ደሃ አይደለም!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሁለቱ ሲገናኙማ ማን ያስለቅቃቸዋል። ዳኛቸው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ሁለተኛ አልተከራከረም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፦ ሰልፈኛው እውነቱን ሲያውቅ የዘውገን ፊት ማየት። ስለዚህ ጧት በመጀመሪያ የመጡትን «ተሳስታችኋል፣ ወደ ቤታችሁ ግቡ» ማለት ሲችል አላለም። ሰልፉን እንደ ሊጥ እንዲቦካ ተወው።

ሚኒባሱ ከአዳራሹ በር ጎን ቆሟል። ነጭ ነው፤ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበታል። ከአዲስ አበባ የመጣው በራሱ አይደለም። ሃይድሮጂኑን በመንገድ እንዳይጨርስ ተብሎ በናፍታ የጭነት መኪና ጀርባ ተጭኖ ነው የመጣው፤ ሃይድሮጂኑም በሲሊንደር ሆኖ አብሮት። የጭነት መኪናው ጭስ የቅጠሉን ጫፍ ስላጠቆረው፣ የኩባንያው ሹፌር ሙላቴ ቆሻሻው እስኪለቅ ሲፈትግ አርፍዷል። የጭነት መኪናው ተመልሷል። የቀረው ሚኒባሱ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው አንድ ሙሌት፣ ሙላቴና የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ዮሴፍ ናቸው።

ዮሴፍ በመጣ ማግስት ዳኛቸው ጠይቆት ነበር። «አረንጓዴ የተባለው ሃይድሮጂን የት ተመረተ?»

«ለጊዜው ከውጭ ነው የምናስመጣው፣ ጋሼ። ወደፊት ግን እዚሁ፣ በፀሐይና በነፋስ ኃይል ውኃ ሰንጥቀን እናመርታለን!»

«እሺ፤ ከፀሐይ መብራት ታወጣለህ። በመብራቱ ውኃ ትሰነጥቃለህ። የወጣውን ጋዝ ጨምቀህ ታንክ ትሞላለህ። ከዚያ መኪናው ውስጥ መልሰህ መብራት ታደርገዋለህ። በየደረጃው የሚባክነውን ደምረኸዋል?»

«ራዕዩን ነው ማየት ያለብን፣ ጋሼ።»

«ጤፉን አስፈጭቶ ዱቄቱን የሚሸጥ፣ በሸጠው ደግሞ ሊያስፈጭ ጤፍ የሚገዛ ሰው አውቃለሁ። እሱም ራዕይ ነበረው» አለው ዳኛቸው። ዮሴፍ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ ግን አላወቀም፤ ዳኛቸውም ይህንኑ ከፊቱ አነበበ።

አሁን ከደረጃው ላይ ሆኖ ሰልፉን ከራስ እስከ ጅራት ሲቃኝ፣ ዓይኑ አንዲት ሴት ላይ አረፈ። ከባለ ባጃጆቹ መካከል ቆማለች፤ ጀሪካንም ወረቀትም አልያዘችም። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። ቀደም ሲልም አይቷት ነበር። አይቶ ግን ለሞኞቹ ዝርዝር አንድ ጨምሮ አልፏታል። አሁን ሁለተኛ ሲያያት፣ ሰልፉ ሲላወስ እሷ አንድ እርምጃ ለመራመድ እንኳ የምትሳሳ መሆኗን፣ ከንፈሯ መድረቁን፣ ከማንም ጋር አለማውራቷን ተመለከተ። ወረደና አጠገቧ ቆመ።

«እህቴ፣ ባጃጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አባቴ ትናንት ማታ ሆስፒታል ዐርፈውብኝ ነው» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነው። «ከይፋግ ነው ያመጣናቸው። ካህናቱ እስከ ሠርክ እንጠብቃለን ብለውኛል። እናቴ ያለችበት መቃብር ነው የሚገቡት፤ ሳይሞቱ ቃሌን ሰጥቻቸዋለሁ። ግን መኪና የለም። የሬሳ መኪናው ናፍታ የለውም። ቤንዚን ያለው ሁሉ ሙሽራ ጭኗል፤ ጥር አይደል? ሰዎች እዚህ ህዋስ ተቋቁሞ ነዳጅ ይሰጣል ሲሉኝ መጣሁ። የሚሰጡኝ ለአንድ መኪና ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል። አባል ሁኚ ካሉኝም እሆናለሁ።»

ስሟ ፈንታነሽ ነው፤ አባቷ አቶ እሸቴ ይባላሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ቆመሻል?»

«ሲነጋ።» ቀና ብላ አየችው። «እርስዎን ከደረጃው ላይ ሳይዎት ነበር። ሲደሰቱ። የቤተ ዘመድ ሠርግ ያለብዎ መስሎኝ ነበር።»

«ቤንዚን አይሰጥም» አለ ዳኛቸው። «ህዋስ የሚባልም የለም። ቃሉ ተሳስቶ ነው።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልተቆጣችም። ፊቷን ወደ ሰልፉ አዞረች። ጧት አንድ ቃል ቢነግራት ኖሮ ሌላ መላ ለመፈለግ ግማሽ ቀን ይኖራት ነበር። ዳኛቸው ሰው ሲንቅ የኖረ ነው፤ ሲንቁት ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር፣ ያውም ያለ ስድብ።

ቀጥ ብሎ ወደ ዮሴፍ ሄደ። ዮሴፍ የሚኒባሱን መስተዋት ተጠግቶ ክራባቱን ያስተካክላል።

«መኪናው እስከ ይፋግ አንድ ሬሳ ያድርስ» አለው ዳኛቸው ያለ መግቢያ። ነገሩንም አስረዳው።

«ጋሼ ዳኛቸው፣ ከልቤ አዝናለሁ። ግን እዚህ ያለን አንድ ሙሌት ነው። ነገ ከክልል ክቡራን እንግዶች ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች እነሱ ናቸው፤ እሱ ላይ ነው ሚዲያው የሚቀርጸው። ይህ መኪና እኮ የተስፋ ምልክት ነው። የመጀመሪያ ተሳፋሪው ሬሳ ሲሆን አይታይህም?»

«በእንግዶቹና በሬሳው መካከል ያለው ልዩነት አልታየኝም። ሬሳው ቢያንስ ንግግር አያደርግም።»

«ቀልድ አይደለም፣ ጋሼ።»

«እኔም አልቀለድኩም።»

«አይሆንም» አለ ዮሴፍ። «በስሜት የሚመራ ሥራ አይደለም።»

ሙላቴ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ ሲዞር ጠብቆ በመስኮት ወደ ውጭ ተፋ።

ትዕይንቱ ተጀመረ። ዘውገ ማይክራፎኑን መታ መታ አድርጎ ስለ ልማት፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ታሪካዊቷ ከተማ ተናገረ። ሰልፉ ወደ መድረኩ ተጠግቶ ክብ ሠራ፤ ስም የሚጻፍበት ጠረጴዛ የት እንዳለ ሁሉም በዓይኑ ይፈልጋል። ከዚያ ዮሴፍ ብርጭቆ ይዞ ብቅ አለ። ሙላቴ ሞተሩን አስነሣ፤ አስነሣ ቢባልም ድምፅ አልነበረውም። ከሚኒባሱ ሥር ከወጣች ቀጭን ቱቦ ጠብ፣ ጠብ የሚል ውኃ ተቀዳ።

«ወገኖቼ!» አለ ዮሴፍ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ አንሥቶ። «ከዚህ መኪና ጭስ አይወጣም! የሚወጣው ንጹሕ ውኃ ነው!» ብሎ ግጥም አድርጎ ጠጣው።

ከዚያ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ «በስመ አብ! የመኪና ሽንት ጨለጠው!» አሉ፣ ሳቁ እንደ ጎርፍ ወረደ።

«ጌታው፣ ውኃስ በየጓሯችን ጉድጓድ አለን!» ሲል ደሳለኝ ጮኸ። «እኛ የጠየቅነው ቤንዚኑን ነው! ስማችን መቼ ነው የሚጻፈው?»

«የምን ስም?» አለ ዘውገ።

«የህዋሱ ነዋ!»

«የምን… ይህ እኮ የፓርቲ… ይህ ሳይንስ ነው! ህዋስ ማለት ሴል ነው! መኪናው ውስጥ ያለ ዕቃ ነው!»

«ዕቃ? ለዕቃ ነው ሲነጋ ጀምሮ ያሰለፋችሁን?»

«ታዲያ ተሳትፎ ወሳኝ ነው ያላችሁ በምን ልንሳተፍ ኖሯል? በማጨብጨብ?»

ሰው ወደ ፊት ገፋ። አንድ ጀሪካን ተወርውሮ ከመድረኩ እግር ሥር አረፈ። የዘውገ ፊት፣ ዳኛቸው ሳምንት ሙሉ የጠበቀው ፊት፣ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ጨው ነጣ። ዳኛቸው አየው። እንዳሰበው ግን አልጣፈጠውም፤ ዓይኑ ከዘውገ ራስ በላይ አልፎ፣ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ብቻዋን የቀረችውን ነጠላ ይፈልጋል።

«አስረዳቸው እንጂ! አንተ አይደለህ ሳይንቲስቱ!» አለና ዘውገ ማይክራፎኑን ደረቱ ላይ ገፋለት።

ዳኛቸው የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር። ጋዙ ከታንክ፣ ኦክስጅኑ ከአየር መጥተው በቀጭን ሽፋን ግራና ቀኝ ሲገናኙ መብራት ይሰጣሉ፤ የሚተርፈው ውኃ ነው፤ ቤንዚን የለም፤ ቃሉን የመረጡት አቶ ዘውገ ናቸው፤ አለቀ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነበር። በምላሱ ጫፍ ላይ ያዘውና ዋጠው።

«ወንድሞቼ» አለ። «ህዋሱ ሥራ የሚጀምረው ዛሬ ነው። ስም አይጻፍም፤ እዚህ የቆመ ሁሉ አባል ነው። የመጀመሪያ ሥራችን ቀብር ነው።»

ግፊያው ቆመ።

«ከኋላችሁ የቆመችውን እህታችንን እዩአት። ሲነጋ ጀምሮ ከእናንተ ጋር ተሰልፋለች። አባቷ አቶ እሸቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ እዚህ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ አፈራቸው ይፋግ ነው፤ ካህናቱ በደጅ እየጠበቁ ነው። የሚያደርሳቸው መኪና በከተማው ጠፋ። አቶ ዮሴፍ ግን ይህን ሲሰሙ፣ መኪናዬ መጀመሪያ የሚያደርሰው እሳቸውን ነው ብለዋል።»

ዮሴፍ አፉን ከፈተ፤ ግን ቀደሙት። ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ አወለቀ። «ነፍስ ይማር!» አለ ሕዝቡ። ቅድም የመኪና ሽንት ያሉት ሽማግሌ በምርኩዛቸው ሰው እየገፉ መጥተው የዮሴፍን ትከሻ ሳሙ። «ልጄ፣ ቀባሪ አያሳጣህ! አንተም ስትሞት በክብር ይውሰዱህ!» አሉ። ሌሎችም እጁን ይጨብጡት ጀመር። በዚህ አገር ለሬሳ መንገድ የከለከለ ሰው፣ ቢሞት ወርዶ የሚያነሣው እንደማያገኝ ሕፃን ያውቀዋል። ዮሴፍ ግራ ቀኙን አየ፤ ከዚያ እንደ ብርጭቆው ውኃ ይህንንም ዋጠው።

«በ… በእርግጥ» አለ። «ማኅበራዊ ኃላፊነታችን ነው።»

«ምን አደረግክ?» ሲል ዘውገ በዳኛቸው ጆሮ አንሾካሾከ።

«ተሳትፎ ወሳኝ ነው አላሉም?»

ደሳለኝና ጓደኞቹ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሚኒባሱን ቀድመው ሆስፒታል ደረሱ። አቶ እሸቴ በከፈናቸው ላይ በሰሌን ተጠቅልለው፣ በወንበሮቹ መካከል ተጋደሙ። ፈንታነሽ ከራስጌያቸው ተቀመጠች። ደሳለኝ ከግርጌ፣ ዳኛቸው ከበሩ ዘንድ። ዮሴፍ መኪናውን ለብቻው አሳልፎ ስለማይሰጥ ከሙላቴ ጎን ገባ። የኋላ ወንበሩ ላይ ለክቡራን እንግዶቹ የተዘጋጀ የአበባ ጉንጉን ነበር፤ ደሳለኝ ሳይጠይቅ አንሥቶ ሰሌኑ ላይ አኖረው።

ቁልቁለቱን ወደ ወረታ ተያያዙት። መኪናው ስለማይሰማ አህዮች ከመንገድ አይነሡም፤ ሙላቴ በየመታጠፊያው ጥሩንባ ይነፋል። ዝምታው ግን አንድ ነገር አደረገ። የናፍታ መኪና ቢሆን የሚውጠው የፈንታነሽ ድምፅ፣ ቀስ ብላ ለአባቷ የምታወርደው ሙሾ፣ ቃል በቃል ይሰማ ነበር። ስለ አንድ ጥቁር በሬ፣ ስለ ዳጉሳ ማሳ፣ እናቷ ስትሞት አባቷ ጢማቸውን ስላለመላጨታቸው። ዳኛቸው ይህን ከመኪናው ጥቅሞች አንዱ አድርጎ ሊቆጥረው ነበር፤ ከዚያ በራሱ አፈረና በመስኮት ውጭ ውጭውን አየ።

ዓለም በርን አልፈው ሲወርዱ ዮሴፍ የታንኩን መርፌ እያየ ዞረ።

«ጋሼ፣ ስንመለስ ዳገቱን አንወጣም።»

«አንወጣም» አለ ዳኛቸው።

«ቅድም ታውቅ ነበር?»

«መርፌውን ጧት አይቼዋለሁ። ሰሞኑን አራት ጊዜ ከተማውን ዞራችሁ ብታሳዩበት ነው የቀነሰው። እስከ ይፋግ ቁልቁለቱ ያደርሰናል። ከዚያ በላይ የለም።»

«ነገስ? ለእንግዶቹ ምን ልበል?»

«ሃይድሮጂን የነገ ነዳጅ ነው ብለህ የለ? ነገ ይምጣላቸው።»

ሙላቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና፣ ከኋላው ያለውን አስታውሶ በእጁ አፉን ያዘ።

ከወረታ በኋላ መንገዱ ሜዳ ሆነ። ቁልቁለቱ መኪናውን ሲያወርደው የነበረው አበቃና ሞተሩ በራሱ መጎተት ጀመረ፤ ያን ጊዜ ከሥሩ ውኃው እንደገና ይንጠባጠብ ያዘ። ከኋላ የሚመጣ ባለ ብስክሌት እየጮኸ፣ «ወንድም፣ ውኃችሁ ፈሰሰ! ራዲያተሩን እዩት!» አላቸው። ዮሴፍ የመስኮቱን መስተዋት ዘጋ።

ይፋግ ሲደርሱ ጀንበር አዘቅዝቃለች። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በሰው ተሞልቷል፤ ካህናቱ መስቀልና ጥና ይዘው ቆመዋል። ሙላቴ ከደጀ ሰላሙ በር ፊት ለፊት አቆመ። አስቦ አይደለም፤ መኪናው እዚያ ላይ አንዴ ተንቀጠቀጠና ቆመ እንጂ። ሰሌኑን አወረዱ፤ ለቅሶው ተነሣ፤ ሬሳው በትከሻ ወደ ውስጥ ገባ።

ቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ ግን አላለቀም ነበር። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አለ በአቧራው ላይ። ወደ ኋላ የቀሩ አንዲት አሮጊት አዩትና ደረታቸውን መቱ።

«እዩት፣ እዩት! መኪናው አነባ! እሸቴን ያደረሰ መኪና አነባ!»

ሌሎች ሴቶች ተሰበሰቡ። አሮጊቷ እጃቸውን ከቱቦው ሥር ሰደው፣ ያቆረውን ግንባራቸው ላይ ቀቡት።

«እሜቴ፣ ውኃ ነው» አላቸው ዳኛቸው። «ጋዙ ከአየሩ ጋር ሲገናኝ የሚወጣ ነው።»

«እንባስ ምንድን ነው ልጄ? ወተት ነው?»

ዳኛቸው ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ዮሴፍ ግን ቀኑን ሙሉ ያልነበረበት ብርሃን ፊቱ ላይ በራ። ስልኩን አወጣ፤ ተንበረከከ፤ ቱቦውን፣ ጠብታውን፣ የአሮጊቷን ግንባር እያፈራረቀ ቀረጸ። «ድንቅ ነው! ይህን እኮ ማንም ድርጅት በገንዘብ አይገዛውም! እማማ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ! መኪናው አነባ ይበሉ። ወደዚህ እያዩ። እጅዎን ከሥሩ ያድርጉ።»

አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው ስልኩን አዩ፤ ሊደግሙለትም አፋቸውን አንቀሳቀሱ።

ፈንታነሽ ከውስጥ ወጣች። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሬሳውን ቤተ ክርስቲያኑን በውጭ አዙረው ወደ መቃብሩ ሊወስዱ ነው፤ መውጫው ደግሞ በዚህ በር ነው፤ በሩን ሚኒባሱ ዘግቶታል። እሷ በመጀመሪያ መኪናውን ቀጥሎም የተንበረከከውን ሰው አየች።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እህቴ፣ አባትሽን ታሪክ ልናደርጋቸው ነው!» አለ ዮሴፍ፣ ስልኩን ወደ እሷ አዙሮ። «አንቺም አንድ ቃል ተናገሪ…»

ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። አልወረወረችውም። ፊቱን ወደ ታች አድርጋ መልሳ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ላደረሱልን እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ግን ለአባቴ አልቃሽ አላነሰም። መኪና አልቀጠርኩም። አሁን ከደጁ ያንሡልኝ።»

«እሺ፣ እሺ። ሙላቴ፣ አስነሣው!»

«ከየት አመጥቼ?» አለ ሙላቴ። «አልቋል።»

ደሳለኝ እጅጌውን ጠቅልሎ ወደ ኋላ ሄደ። የቀብር ሰዎችም መጡ፤ ጋቢያቸውን ጥለው ትከሻቸውን ሰጡ። «ይህ መኪና ነው ቃሬዛ? ተሸክመንህ ልንሄድ?» አለ አንዱ። «ዝም ብለህ ግፋ፤ አንተንም አንድ ቀን እንዲሁ ይገፉሃል» አለው ሌላው። ዮሴፍ ዙሪያውን እየሮጠ፣ «ቀስ! ቅጠሉን አትንኩት! ቀለሙን!» ይላል፤ የሰማው የለም። ዳኛቸው መነጽሩን ኪሱ ከተተና በመካከላቸው ገባ። ከባድ ነበር። ያ ሁሉ ባትሪና ታንክ ያለ ጋዝ ከድንጋይ የሚሻል አልነበረም። ከጎኑ የሚገፋው ሰው ትንፋሹ ቀይ ሽንኩርት ይሸታል፤ ክርኑ ጎኑን ይወጋዋል። ዳኛቸው ስሙን አያውቀውም። ስለ ሰውየው ምንም ሳያስብ አብሮት ገፋ።

ሚኒባሱ ወደ ማሽላ ማሳው ዳር ተንከባለለና ወደ አንድ ጎኑ ዘምበል ብሎ ቆመ። መንገዱ ተከፈተ። ካህናቱ በመስቀሉ ቀድመው ወጡ፤ ከኋላቸው ሰሌኑ በትከሻ ላይ ሆኖ፣ የአበባ ጉንጉኑ በግርግሩ ጠፍቶ፣ ሕዝቡ አጅቦት። ዳኛቸው ከመጨረሻዎቹ ጋር ተከተለ። ከመቃብሩ ሲደርስ አንድ ሰው አካፋ ዘረጋለት፤ ተቀብሎ በተራው አፈር መለሰ፤ ለሚቀጥለውም አሳለፈ። ማንም አላመሰገነውም፤ እሱም አልጠበቀም።

አፈሩ ተመልሶ ሲያልቅ ጀንበር ገና ከጣና ውኃ በላይ ነበረች። ፈንታነሽ ከእናቷ መቃብር ጎን በተቆለለው አዲስ አፈር ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«ደረሱ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።